ቀንበር ተሸክማ ገበያ የወጣችው ሴት

«ማተቤን ይዤ ብምልልሽ እንኳ አታምኚኝም። ባታምኚኝም አልቀየምሽም፤ እኔም የነገረኝን ሰውዬ አላመንኩትም ነበር። አንድ ገበሬ ነበረ።»

አያ ደምለው ወሬውን የጀመረው እንዲህ ብሎ ነው። የጀመረውም ትርንጎ ስለጠየቀችው ነው።

ትርንጎ ፈተናዋን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። እናቷ ወይዘሮ አንጓች ከጓሮዋ የነበረውን ባሕር ዛፍ አንድም ሳታስቀር አስቆርጣ ሸጠችና «በዚህ ላፕቶፕ ግዢ» ብላ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠቻት። ባሕር ዛፉ ከጉቶው አቆጥቁጦ እንደገና ለሽያጭ እስኪደርስ ትርንጎ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ ምናልባትም ወልዳ ትሆናለች። ስለዚህ ሁለተኛ ላፕቶፕ የሚባል ነገር የለም። የምትገዛው አንድ ነው፤ ከተሳሳተች ስሕተቷን ታቅፋ እስከ ምረቃዋ መክረም ነው።

መካሪ ግን ሞልቷል። የአክስቷ ልጅ «ጌም የሚያጫውተውን ትልቁን ካልገዛሽ ከእኔ ጋር እንዳትነጋገሪ» አላት። ከተማ ያለው ባለሱቅ እንደ ቂጣ የሳሳ አንድ አውጥቶ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳያት። የቀድሞ አስተማሪዋ ደግሞ «አዲስ ካልሆነ እንዳትነኪ» አላት። ሁሉም ሲመክሯት ስለ ፍጥነቱና ስለ ማከማቻው የማይገባትን ቁጥር ይጠሩላታል። በመጨረሻ ራሷ ዞረና፣ የእናቷን አጥር ሲጠግን ለዋለው ለአያ ደምለው ይህን ሁሉ ነገረችውና «አያ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትገዛለህ?» አለችው።

አያ ደምለው ላፕቶፕ በሩቁ እንጂ በቅርቡ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ስለ በሬ ነገራት።

ገበሬው ደህና ጥማድ በሬ ነበረው። በበጋው መጨረሻ አንደኛው ገደል ገብቶ ሞተበት። የቀረው ቀዩ ነው። ቀዩ በሬ ከፍየል ጥቂት ከፍ፣ ከአህያ ጥቂት ዝቅ የሚል፣ ሲሄድ ኮቴው የማይሰማ፣ ሲበላም የማያስታውቅ ፍጥረት ነበር። ይህ የእሱ ነውር አይደለም። የዚያ አገር በሬ ሁሉ እንደዚያው ነው። ሣሩ በጣም አጭር ስለሆነ፣ ረጅም በሬ ቢመጣ ጎንበስ ብሎ እስኪደርስበት ድረስ ይርበዋል።

በአንድ በሬ አይታረስም፤ ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። በዚያ አገር አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው እንደ እሱ አንድ በሬ የቀረው ጎረቤት ይፈልግና ሁለቱን አንድ ላይ ጠምደው፣ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። መቀናጆ ይሉታል። ገበሬው ግን በዚያ ዓመት መቀናጆ አልፈለገም። «ተራዬ እስኪደርስ የሰው ደጅ ስጠና ዝናቡ ያልፍብኛል» አለ።

የፈራው እውነትም ዝናቡን ብቻ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ አንድ ሀብታም ይኖራል። ማረስ ያቃተው ሰው መሬት ሁሉ በመጨረሻ ወደዚህ ሰው እጅ ይገባል። ሀብታሙ ያርሳል፣ ባለመሬቱ ቆሞ ያያል፣ እህሉ እኩል ይካፈላል። እኩል ይባል እንጂ፣ የሀብታሙ እኩል ጋሻ በሚያክል ስፍር፣ የባለመሬቱ እኩል ስኒ በሚያክል ስፍር ነው ይላሉ። የገበሬው አባት ያንን መሬት ለማንም ሳይሰጥ ነበር የሞተው። ገበሬው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማሳው ላይ ካልተገኘ፣ ዘንድሮ የሚገኘው ሀብታሙ ነው።

ስለዚህ ፍየሎቹን ሸጠ። የቀፎውን ማር ሸጠ። ሚስቱም የብር አምባሯን ከእጇ አውልቃ ሰጠችው። ያንን ሁሉ ይዞ የከብት ገበያ ወጣ።

ስለ በሬ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አፍ ከፍቶ ጥርስ ማየት ያውቃል። ጅራት ስቦ መልቀቅ፣ ሻኛ መጨበጥ፣ ኮቴ አንሥቶ መመርመር፣ በዓይን አጠገብ አጨብጭቦ ዕውር መሆን አለመሆኑን መለየት ያውቃል። ከጠዋት ጀምሮ የገበያውን በሬ ሁሉ አፍ ሲከፍት ዋለ። ብዙዎቹ በሬዎች ማዛጋት የለመዱት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ዳልቻውን አየ።

ዳልቻው በሬ ከገበያው መሃል ቆሟል። ሻኛው ላይ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ገበጣ ቢጫወቱ ቦታ አይጠባቸውም። ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች ቅቤያቸው እንዳይቀልጥ በጥላው ሥር ተደርድረዋል። ሲያገሳ ማዶ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደወል ማንም ሳይነካው ይደውላል። በቀንዶቹ መካከልም እርግብ ጎጆ ሠርታ ፈልፍላለች ይባላል።

«እርግቧን እንኳ እኔም ተጠራጥሬያታለሁ» አለ አያ ደምለው። «ሌላው ግን እውነት ነው።»

ገበሬው ቀረብ ሲል ደላላው ከበሬው ሆድ ሥር ወጣ።

«ወንድሜ፣ ምን ታያለህ? ይሄ በሬ አይደለም፤ ጦር ሠራዊት ነው።»

«ሥራው እንዴት ነው?»

«ሥራው? ሥራ ራሱ ሲያየው ይሸሻል! ይሄን ጠምደህ ቀሪ ዕድሜህን ተቀምጠህ ብላ።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«የደጋ በሬ ነው። ገብስ እየበላ ያደገ።»

«ገብስ?»

«አልፎ አልፎ» አለ ደላላው፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ።

ገበሬው ጥርሱን ሊያይ ሞከረ፤ አልደረሰበትም። ድንጋይ ላይ ቆሞ ደረሰበት፤ ጥርሱ ደህና ነው። ጅራቱን ሳበ፤ ደህና ነው። ሻኛውን ለመጨበጥ ሁለት እጁ አልበቃም። በዚያች ሰዓት በሆዱ ያሰበው ማሳውን አልነበረም። ይህን በሬ እየነዳ በመንደሩ መሃል ሲያልፍ፣ በየአጥሩ የሚወጣውን ሰው ነበር ያሰበው። ሀብታሙም ከወንዙ ማዶ ቆሞ ሲያይ ታየው። ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ከፈለ። ለመጎተቻ ገመድ የሚሆን እንኳ አልተረፈውምና በጋቢው አስሮ ይዞት ሄደ።

መንደሩ እንዳሰበውም ወጣለት። «ይባርክልህ!» አሉት። «ዕድሜ ይስጥልህ!» አሉት። እልል ያሉም ነበሩ። አንድ ጎረቤቱ «አያ፣ ከእንግዲህ ውሻ ማሳደር ተው፤ ይሄን ከበርህ ላይ አቁመው» አለው። ገበሬው ያን ቀን ከፈገግታ ብዛት መንጋጋው አሞት ነበር።

ዳልቻው በበረቱ በር አልገባ አለና የበሩን መቃን አፍርሰው አስገቡት። ድርቆሽ አቀረቡለት፤ አሸተተና ተወው። ገብስ ስላጣ የጎጆውን ክዳን ከጫፉ ጀመረ። በማግስቱ ሚስቱ ቀና ብትል ከቤቷ ውስጥ ሆና ሰማይ ይታያታል።

«ዝናብ ከመጣ በዚህ በኩል ነው የሚገባው» አለችው ለባሏ።

«ትንሽ ታገሺ። ሥራውን ታያለሽ» አላት።

ወደ ማሳው ወረደና ሁለቱን ጠመዳቸው፤ ዳልቻውን በቀኝ፣ ቀዩን በግራ። ቀንበሩ አግድም መተኛት ሲገባው እንደ መሰላል ቆመ። ዳልቻው ዝንብ ለማባረር ቀና ሲል፣ ቀዩ ከነአንገቱ ወደ ላይ ይነሣና አራት እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዝንቧ ስትሄድ ቀዩ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀዩ ታጋሽ በሬ ነበርና ምንም አላለም፤ ዓይኑን ብቻ ወደ ባለቤቱ ያዞር ነበር።

ገበሬው ጅራፉን አጮኸና እርፉን ጨበጠ። ዳልቻው አንድ ጊዜ ሲራመድ ቀዩ ሦስት ጊዜ ይራመዳል። ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ዳልቻው ሌላ ያነሣል። ስለዚህ ማረሻው ወደ ግራ ጠመመ። ገበሬው ወደ ቀኝ ቢገፋም እየጠመመ ሄደ። ከማሳው ዳር የጀመረው ትልም ዞረ፤ ዞሮ ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠቀለለ፣ እየጠበበ፣ ማሳው እንብርት ላይ ደርሶ አለቀ። ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትወርድ፣ ባሏ ከሁለት በሬዎች ጋር መሃል ላይ ቆሞ በየት እንደሚወጣ ሲያስብ አገኘችው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«አይታይሽም? እያረስኩ ነው።»

«እኔማ አውድማ የምታበጅ መስሎኝ።»

ገበሬው መቀለዷን አልወደደም። ቀዩን በጣቱ አመለከተ። «ጥፋቱ የዚህ ነው። በጣም አጭር ነው።»

«ትናንትም አጭር ነበር» አለች ሚስቱ።

እዚህ ላይ ትርንጎ ሳቀች። አያ ደምለው ግን አልሳቀም፤ አንድ የአጥር እንጨት መሬት ውስጥ ተከለና ቀጠለ።

ገበሬው ለዳልቻው እኩያ ፍለጋ መንደሩን ዞረ። ባለ አንድ በሬዎቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተቀናጅተው ጨርሰዋል። ባይጨርሱም ከዳልቻው ጎን በሬውን የሚያቆም አልተገኘም። ትናንት «ይባርክልህ» ሲል የነበረው ሁሉ ዛሬ በሬውን ከቤት ውስጥ ደበቀ። አንዱ በግልጽ ነገረው። «አያ፣ የኔ በሬ ከእሱ ጋር ከሚጠመድ እኔ ራሴ ብጠመድ ይሻላል። እኔ ቢያንስ ሲያንጠለጥለኝ መጮህ እችላለሁ።»

የዳልቻውን እኩያ በሬ ያሳደገ በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ገበሬው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሀብታሙ ቤት ሄደ።

ሀብታሙ በክብር ተቀበለው። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠውና ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ጥሩ አደረግህ መጣህ» አለው። «ለእንደዚያ ያለ በሬ የሚመጥን አለኝ። አምጣውና እናጣምዳቸው። መጀመሪያ የእኔን እናርስበታለን፤ ቀጥለን ያንተን።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታው። የእርስዎ ማሳ እስከ የት ነው?»

ሀብታሙ ወደ ተራራው በከዘራው አመለከተ። «እስከዚያ ነው። ከተራራው ወዲያ ያለው ደግሞ ስንደርስ ይታያል።»

«እስከዚያ ዝናቡ ቢያልፍስ?»

«እንዳያልፍብህ ከፈራህ አትጨነቅ። ከአሁኑ እኔ ልረስልህ፣ እህሉን እኩል እንካፈል። ጎረቤት ለምን ሆነ?»

ገበሬው አመስግኖ ተነሣ። ወንዙን ሲሻገር ውሃው መደፍረሱን አየ፤ ላይ አገር ዘንቧል ማለት ነው። ወደዚህ ለመድረስ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። መሬቱ ወደ ሀብታሙ እንዳይሄድ ብሎ በሬ ገዛ፤ አሁን ከመሬቱ ጋር በሬውንም ሊያስረክበው ነው። ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ነግሯት ሲጨርስ ከተበላው ክዳን ሥር ቁጭ ብሎ ሰማዩን ማየት ጀመረ።

ሚስቱ የገበያው ቀን ሲደርስ በጠዋት ተነሣች፣ ቀንበሩን ከተሰቀለበት አወረደች፣ በትከሻዋ ተሸከመችው፣ ሁለቱንም በሬዎች ነድታ ወጣች።

ገበሬው «ቀንበሩን የት ትወስጂዋለሽ?» ብሎ ጠየቀ።

«ገበያ።»

«ልትሸጪው ነው?»

«ልለካበት ነው።»

በሬ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ቀንበር ተሸክሞ ገበያ የወጣ ግን፣ ያውም ሴት፣ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ገበሬው እንደማያውቃት ሰው ራቅ ብሎ ከኋላ ተከተለ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያይ ነበር።

«እንዴ፣ ገበያ መሃል ልታርሺ ነው?» አላት አንዱ።

«ቦታ ከተገኘ» አለችው፣ ሳትቆም።

ዳልቻውን ገና ከመድረሳቸው ሸጠችው። የገዛው ከደጋ የወረደ ሰው ነው፤ ዳልቻውን የሚያክል ሌላ በሬ ቤቱ አለው፣ ጥማዱ ሞቶበት እኩያ ፍለጋ ነው የመጣው። ከገዙበት ጥቂት ጎደለ እንጂ ክፉ ዋጋ አልሰጠም። ዳልቻውም ደስ ብሎት ሄደ። ክፉ በሬ አልነበረም፤ ከቤቱ ርቆ ነበር እንጂ።

ከዚያ ቀዩን እየጎተተች በገበያው ውስጥ ትዞር ጀመር። የማንንም በሬ አፍ አልከፈተችም። ከእያንዳንዱ በሬ ጎን ቀዩን ታቆመውና ጎንበስ ብላ ትከሻ ለትከሻ ታያለች፤ ሲበላለጥባት ታልፋለች። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ተከተላት።

«ቀዩ ሚስት እየመረጠ ነው እንዴ?»

«ኧረ ተው፣ ሚዜ ነው የሚፈልገው!»

የፊተኛው ደላላ በሕዝቡ መሃል ተሽሎክሉኮ መጣ። «የኔ እህት፣ ልምከርሽ። በሬ የሚታየው በጥርሱ ነው።»

«እኛ ጋ በትከሻው ነው የሚያርሰው» አለችው።

ገበሬው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናነበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ግን ዓይኑን ከሚስቱ ላይ አላነሣም።

ከገበያው ዳር፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎን፣ ማንም የማያየው አንድ በሬ ቆሟል። አንድ ጆሮው ግማሹ የለም። አንድ ቀንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት ያያል። ቀለሙን ይህ ነው ማለት አይቻልም፤ ሰሪው በተረፈው ቀለም ሁሉ እየነካካ የጨረሰው ይመስላል። ከመልከ ጥፉነቱ የተነሣ ሽማግሌው ራሱ ከእሱ ጋር መምጣቱ እንዳይታወቅበት ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ቀዩን ከጎኑ አቆመችው። ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ።

«አባባ፣ ምን ይበላል?»

«ያገኘውን ነዋ» አለ ሽማግሌው፣ መጠየቁ ራሱ ገርሞት።

«በየትኛው ጎን ነው ተጠምዶ የሚያውቀው?»

«በቀኝ።»

ሴትዮዋ ቀንበሩን ከትከሻዋ አወረደችና በሁለቱ በሬዎች አንገት ላይ ጫነችው። ሽማግሌው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«አንቺ ሴት! ሳትገዢ ትጠምጃለሽ?»

«ከገዛሁ በኋላማ መሞከሩ ምን ያደርግልኛል?»

ቀንበሩ እንደ ውሃ ልክ ተኛ። እንቁላል ብታስቀምጥበት አይንከባለልም። እንዲያውም አንዱ ቀልደኛ ከእንቁላል ሻጯ መደብ አንሥቶ አስቀመጠበት፤ አልተንከባለለም። እንቁላል ሻጯ ብቻ ጮኸች። ሴትዮዋ ሁለቱን እየነዳች እስከ ጨው ተራ ወስዳ መለሰቻቸው። እግራቸው አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወድቃል። አንዱም አልቀደመ፤ አንዱም አልተጎተተ። የሚስቀው ሰው ሳቁን ትቶ እግራቸውን ማየት ጀመረ። ገበሬውም ጋቢውን ከአፍንጫው አወረደና በሕዝቡ ፊት ወደ ሚስቱ ሄደ፤ ቀንበሩን ከእሷ ተቀብሎ ያዘ።

ጆሮ ቁራጩን ገዙት። ገንዘብ ተረፋቸው። በተረፋቸው ገመድ ገዙ፣ የደነዘውን ማረሻቸውን አስለወጡ፣ ለክዳኑም ሣር አሸክመው ወደ ቤት ተመለሱ። በመንደሩ ሲያልፉ ማንም ወደ አጥሩ አልወጣም። ለጆሮ ቁራጩ እልል ያለ ሰው የለም። እሱም አልከፋውም።

ዝናቡ ሲጥል ገበሬው ከማሳው ተገኘ። ያን ዓመት ያወጣው ትልም በጣም ቀጥ ያለ ከመሆኑ የተነሣ፣ ጉንዳን በዚህ ጫፍ ገብታ ዓይኗን ጨፍና ብትሄድ በዚያ ጫፍ ትወጣለች። ሀብታሙ ከወንዙ ማዶ ቆሞ አየ፤ ብዙ ቆየና ተጣራ።

«ያ ትልቁ በሬህ የት ሄደ?»

«እኩያው ጋ» አለ ገበሬው፣ እርፉን ሳይለቅ።

አያ ደምለው የመጨረሻውን እንጨት በመዶሻ መታ። አጥሩን በእጁ ነቅንቆ ሞከረው፤ አልተነቃነቀም።

ትርንጎ «አያ፣ እኔ የጠየቅሁህ ስለ ላፕቶፕ ነው እኮ» አለች።

«እኔስ ስለ ምን ነገርኩሽ? እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ልትማሪ ነው የምትሄጂው?»

«ገና አልታወቀም። የመጀመሪያውን ዓመት ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምንማረው። ዲፓርትመንት የሚደርሰን ከዚያ በኋላ ነው።»

«እንግዲህ ማሳሽ ገና አልተለካም። የአክስትሽ ልጅ ግን ተራራ የሚንድ በሬ ይገዛልሻል። ለመሆኑ መጀመሪያ ምን ታርሺበታለሽ?»

«የቤት ሥራ እጽፍበታለሁ። አስተማሪዎች የሚልኩትን አነብበታለሁ። ኢንተርኔት እፈልግበታለሁ።»

«መብራትስ እዚያ አለ?»

«ይጠፋል ይላሉ።»

«እንግዲያው ስለ ቁጥሩ ከመጠየቅሽ በፊት ምን እንደሚበላ ጠይቂ። አንዱ ገብስ ካልሰጡኝ ይላል፤ አንዱ ያገኘውን በልቶ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ከመኝታሽ እስከ መማሪያሽ የሚሸከመውስ ማነው?»

«እኔው ነኛ!»

«እንግዲያው ትከሻሽን ይዘሽ ግቢ። ትርንጎ፣ ስሚኝ። ባለሱቁ አንጠልጥሎ ሲያሳይሽ ገበሬው ዳልቻውን እንዳየው አትዪው። ቀንበርሽን ይዘሽ ሂጂ። የምትጽፊውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጠሽ ጻፊበት፤ የምታነቢውን እዚያው ክፈቺው። ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪና ምን ያህል እንደሚቆይ ጠብቂ። ሻጩ ይቆጣል፤ ይቆጣ፤ ሽማግሌውም ተቆጥቶ ነበር። ቢታመምብሽ የሚያክመው ሰው እዚያ ከተማ እንዳለም ቀድመሽ ጠይቂ። ክዳኑ ተጭሮ፣ ጠርዙ ተፍቆ፣ ሰው የተገለገለበት ቢሆንም ጆሮው ብቻ ነው የተቆረጠው፤ ትከሻውን እይ። ሁሉን ገንዘብሽንም አትጨርሺ። ኋላ መያዣ ቦርሳ፣ ኢንተርኔት መሙያ አጥተሽ በነጠላሽ ጠቅልለሽው እንዳትዞሪ።»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ያ ሁሉ ቁጥር ከጭንቅላቷ እየወጣ የሚሄድ መሰላት።

«ገበሬው ደግሞ ሞኝ አልነበረም» አለ አያ ደምለው፣ መዶሻውን እያነሣ። «ጥሩ በሬ ነበር የገዛው። ከጎኑ የሚቆመውን ግን ረሳው። አንቺም ስትገዢ ይህን እንዳትረሺ። ላፕቶፕ ብቻውን አያርስም። ትልቅ ቢሆን ትንሽ ቢሆን፣ እሱ አንዱ በሬ ነው። ከጎኑ የሚጠመደው ሌላኛው በሬ አንቺ ነሽ።»

እስካሁን ከበሩ ላይ ቁጭ ብላ ስታዳምጥ የነበረችው ወይዘሮ አንጓች በዚህ ጊዜ አላስችል አላት።

«ኧረ ተወኝ ደምለው!» አለች። «የዚያኛውን በሬ ነገርማ ባሕር ዛፌን ሸጬ ገላገልኩት። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ካልወጣች ከአልጋው የማይነሣው ይሄኛው ነው!»